ውሻ ይዛችሁ ትሬለር ጎትታችሁ ቢች ላይ ልታድሩ ከሆነ እነዚህን ስህተቶች አትስሩ

አርብ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ከስራ ወጥቶ፣ ልጆቹን አንስቶ፣ ትሬለሩን (ውስጡ የሚታደርበትን ተጎታች ቤት) መኪናው ላይ አያይዞ፣ ውሻውን ከኋላ አስቀምጦ፣ ሳይመሽ ባህር ዳር ለመድረስ የሚሮጥ ሰው ካለ ይሄን ለሱ ነው የምጽፈው። እኛ የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ አሳቲግ መመላለስ ከጀመርን አራት ዓመት ሆነን፣ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆችና ውሻችን ቡቺ። አሳቲግ ማለት ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የሚካፈሉት፣ አትላንቲክ ጠርዝ ላይ የተዘረጋ 37 ማይል የሚረዝም ቀጭን የአሸዋ ደሴት ነው፣ በአንድ በኩል ውቅያኖሱ፣ በሌላ በኩል ረግረግና ጸጥ ያለ ውሃ፣ መሀሉ ላይ ደግሞ እንደልባቸው የሚዞሩ የዱር ፈረሶች። ከኛ ሰፈር ወደ 145 ማይል ነው፣ መንገዱ ከቀናችሁ ሶስት ሰዓት።

ሰሞኑን ሁለት ቤተሰቦች ደውለውልን ዘንድሮ እኛም ትሬለር ተከራይተን ውሻችንን ይዘን እንሂድ፣ ምን እንያዝ አሉ። እኔ ግን ምን እንዳታደርጉ እያልኩ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራሁ። ከሁሉም ስር ያለው ነገር አንድ ነው፣ ችኮላ። ሁለት ሌሊት ብቻ ናት ብለን እናጣድፋለን፣ ትሬለር ጥድፊያ አይወድም፣ ውሻ ደግሞ ጠማኝ፣ መዳፌ ተቃጠለ፣ አዞረኝ ብሎ አይነግራችሁም፣ ቆም ብሎ የሚያየው ሰው ይፈልጋል።

የደሴቱን ሌላኛውን ጫፍ መያዝ

ጂፒኤስ ላይ አሳቲግ ብቻ ብላችሁ ጽፋችሁ እንዳትነዱ። ደሴቱ ሁለት መግቢያ አለው፣ አንዱ በሜሪላንድ በኩል ከኦሽን ሲቲ በታች በ611 መንገድ፣ ሌላው በቨርጂኒያ በኩል በቺንኮቲግ። ሁለቱን የሚያገናኝ መንገድ ደሴቱ ላይ የለም፣ ዞሮ ከአንዱ ወደ አንዱ ለመሄድ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል፣ ትሬለር እየጎተታችሁ ከሆነ ደግሞ ጨምሩበት። ደሴቱ ላይ ማደር የሚቻለው በሜሪላንድ በኩል ብቻ ነው፣ የቨርጂኒያው ክፍል የዱር እንስሳት መጠበቂያ ስለሆነ ውሻ መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎም ቢሆን አይገባም። ሶስት ሰዓት ነድቶ በር ላይ መመለስ እንዴት እንደሚያናድድ አስቡት፣ ልጆች ከኋላ ደረስን ወይ እያሉ።

ሜሪላንድ በኩልም ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ፓርኮች ናቸው፣ የስቴቱና የፌደራሉ፣ ቡኪንጉም ህጉም ለየብቻ ነው። በስቴቱ ፓርክ ውሻ የሚፈቀደው በተወሰኑ ክፍሎች ብቻ ስለሆነ ቦታ ከመያዛችሁ በፊት ያ ሳይት ውሻ የሚፈቀድበት መሆኑን አረጋግጡ። በፌደራሉ በኩል ይፈቀዳል፣ ግን ነፍስ አድን ሰራተኞች የሚጠብቁት የመዋኛ ቦታና የእግር መንገዶቹ ላይ አይፈቀድም፣ ማሰሪያውም ከ6 ጫማ መብለጥ የለበትም። የፌደራሉ ቦታ እስከ 6 ወር ቀደም ብሎ ይያዛል፣ የጁላይ ቅዳሜና እሁድ የሚፈልግ ሰው ጃንዋሪ ላይ ነው ማሰብ ያለበት፣ ጁን ላይ ፈልጎ የሚያገኝ ሰው ሌላ ሰው የሰረዘው የተረፈለት ነው።

ክብደትን በግምት መጫን

መኪናችን 5000 ፓውንድ ይጎትታል፣ ትሬለሩ 3000 ነው፣ ምን ችግር አለው ይላል ሰው። ያ 3000 ብዙ ጊዜ ባዶው ነው። ውሃ ብቻ እንኳን አንዱ ጋሎን ከ8 ፓውንድ በላይ ይመዝናል፣ የ30 ጋሎን ታንክ ከቤት ሞልታችሁ ከተነሳችሁ 250 ፓውንድ ያህል ጨመራችሁ ማለት ነው፣ ካምፑ ላይ ውሃ ስላለ እዛ ደርሶ መሙላት ይሻላል። የሾፌሩን በር ክፈቱና ፍሬሙ ላይ የተለጠፈውን አንብቡ፣ ሰውና እቃ ተደምሮ ከዚህ አይብለጥ የሚል ቁጥር አለ፣ ትሬለሩ ሂቹ (ከመኪናው ኋላ ትሬለሩ የሚያያዝበት ብረት) ላይ የሚጥለው ክብደትም እዛ ውስጥ ነው የሚቆጠረው፣ አራት ሰው፣ ውሻ፣ ኩለር፣ ብስክሌት ሲደመር ሳታውቁት ታልፋላችሁ።

ሌላው አጫጫኑ ነው። ከትሬለሩ ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው ሂቹ ላይ ማረፍ አለበት፣ ለ3000 ፓውንድ ከ300 እስከ 450 ማለት ነው። ከባዱን እቃ ሁሉ ከኋላ ጎትታችሁ ከጫናችሁ ሀይዌይ ላይ ትሬለሩ ጭራውን መወዝወዝ ይጀምራል፣ ያኔ ደንግጦ ፍሬን የሚረግጥ መሪ የሚያሽከረክር ሰው ነው የሚገለበጠው። እግራችሁን ከነዳጁ አንሱ፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ የትሬለር ፍሬን መቆጣጠሪያ ካላችሁ እሱን ብቻ በእጅ ቀስ አድርጋችሁ ያዙት፣ ፍጥነቱ ሲወርድ ይረጋጋል። ከዛ የሚቀጥለው መውጫ ላይ ወጥታችሁ እቃውን እንደገና ጫኑት፣ እንደዛው አትቀጥሉ።

ተቆልፏል ብሎ ማመን

ይሄንን በደንብ ልንገራችሁ። ሁለተኛው ዓመት ላይ ነው፣ ሊጨልም ሲል ጓሮ ሆነን ትሬለሩን አያያዝኩት፣ የትሬለሩ መያዣ የሂቹ ኳስ ላይ ወረደ፣ መቆለፊያዋ ቀጭ ብላ ገባች፣ ፒኑን ሰካሁ፣ ሰንሰለቱን አሰርኩ፣ መብራቱን ሞከርኩ፣ ሁሉም ይበራል። ባለቤቴ የስልኳን መብራት ይዛ ጎንበስ አለችና ይሄ ነገር ትንሽ ከፍ ያለ አይመስልህም አለችኝ። እኔ ደግሞ ኧረ ቀጭ ሲል ሰምቻለሁ፣ መሸብን፣ እንሂድ አልኩ። እስኪ በክሪኩ ወደ ላይ ሞክረው አለች። የትሬለሩን ክሪክ ሁለት ሶስቴ ሳዞር የመኪናው ኋላ አብሮ መነሳት ሲገባው መያዣው ብቻውን ከኳሱ ላይ ተነሳ። ቁልፏ የተዘጋችው ኳሱን ከስር ሳትይዝ ነበር፣ ኳሱ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር በቃ። እንደዛ ሆኖ ሀይዌይ 50 ላይ ብንወጣ ሰንሰለት ብቻ ነበር የሚይዘው፣ ከኋላችን ደግሞ የሌላ ሰው ልጆች ያሉበት መኪና አለ።

ስለዚህ ሁሌ በክሪክ ወደ ላይ ሞክሩት፣ የመኪናው ኋላ ትንሽ አብሮ ከተነሳ ይዟል ማለት ነው፣ ካልተነሳ አውልቃችሁ እንደገና። የኳሱ ልክ ከመያዣው ጋር አንድ መሆኑንም እዩ፣ ኳሱ ላይም መያዣው ላይም ተጽፏል፣ ተከራይታችሁ ከሆነ በተለይ፣ 2 ኢንች በሚፈልገው ላይ 1 ከ7/8 አስገብቶ የሚወጣ ሰው አለ። ሰንሰለቶቹን ከስር አጣምራችሁ በመስቀል እሰሩ፣ ቢወልቅ እንኳን የትሬለሩ አፍንጫ እነሱ ላይ ያርፋል እንጂ አስፋልቱን አይወጋም። ሌላ ሰው ያረጋግጥ፣ ያሰረው ሰው ሳይሆን ሌላ ሰው። አሁን ቤታችን ውስጥ ባለቤቴ ሳታየው መኪናው አይንቀሳቀስም።

ጎማና ኩሽኔታ

የትሬለር ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ ነው የሚያረጀው፣ ስድስት ዓመት ከሞላው አዲስ ቢመስልም አትመኑት፣ የተሰራበት ሳምንትና ዓመት በአራት አሃዝ ጎኑ ላይ ተጽፏል። አየሩን ሳይሞቅ ጠዋት ለኩ። ብዙዎቹ የትሬለር ጎማዎች የተሰሩት ለ65 ማይል ፍጥነት ነው፣ እኔ ከ60 አላልፍም። ቤንዚን ለመቅዳት ስትቆሙ የእጃችሁን ጀርባ ወደ ጎማው መሀል ጠጋ አድርጉ፣ አንዱ ከሌላው በጣም ከጋለ ኩሽኔታው እየሄደ ነው ወይም ፍሬኑ ይዟል።

አርብ ማታ ቤይ ብሪጅ ላይ መድረስ

የቼሳፒክ ቤይ ብሪጅ ከ4 ማይል በላይ ይረዝማል፣ በሰመር አርብ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የዲሲና የባልቲሞር ህዝብ ሁሉ ወደ ኦሽን ሲቲ የሚያልፈው በሱ ነው። ትሬለር ይዞ እዛ ሰልፍ ውስጥ መግባት ሁለት ሰዓት በላብ መቀመጥ ነው፣ ውሻውም ከኋላ ያለከልካል። ወይ አርብ ግማሽ ቀን ፈቃድ ውሰዱ፣ ወይ ቅዳሜ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሱ። እኛ አሁን ቅዳሜ ንጋት ነው የምንነሳው፣ አንድ ሌሊት ይቀርብናል ግን እንደ ሰው ደርሰን እንደ ሰው እናድራለን፣ የቻለ ሰው ደግሞ ሰኞን ፈቃድ ይውሰድ። ንፋስ ሲበረታ ድልድዩ ላይ ትሬለርና መሰል ረጃጅም መኪኖች የሚከለከሉበት ጊዜ ስላለ ከመነሳታችሁ በፊት እዩ። ክፍያው ወደ ምስራቅ ሲሄዱ ብቻ ነው፣ በአክሰል ቁጥር ስለሚቆጠር ከትሬለር ጋር ይጨምራል። ባልቲሞር በኩል የምትመጡ ደግሞ ዋሻዎቹ ውስጥ ከ10 ፓውንድ በላይ የሚይዝ የፕሮፔን ሲሊንደር ይዞ ማለፍ ክልክል ነው፣ ትሬለር ላይ ያለው የተለመደው 20 ነው፣ አማራጭ የነበረው ኪይ ብሪጅ የሚባለው የባልቲሞር ድልድይ በ2024 ከወደቀ ወዲህ ከተማውን በሚዞረው በ695 መንገድ በምዕራብ በኩል መዞር ነው ያለው።

መንገድ ላይ በየሁለት ሰዓቱ ቁሙ፣ ለውሻው ውሃ ስጡት፣ ትንሽ ያንቀሳቅሰው። ትሬለሩ ውስጥ ግን አስቀምጣችሁ አትንዱ፣ ምን እንደሆነ አታዩትም።

በጨለማ መትከል፣ ያለ ታኮ መፍታት

ትሬለሩን ከመኪናው ከመፍታታችሁ በፊት ጎማው ላይ ታኮ አድርጉ፣ በሁለቱም በኩል ከፊትም ከኋላም። መሬቱ ሜዳ ይመስላል ብላችሁ አትመኑ። የክሪኩን እግር ደግሞ እንዲሁ አሸዋ ላይ ካቆማችሁት በሌሊት ይሰምጣል፣ ከስሩ ወፍራም ጣውላ አድርጉ። ወደ ኋላ ስትነዱ እጃችሁን መሪው ታች ላይ ያዙ፣ እጃችሁ ወደ ሄደበት የትሬለሩ ኋላ ይሄዳል፣ በስፖኪዮ ብቻ አትመኑ፣ ውጪ ቆሞ የሚያሳያችሁ ሰው ይኑር፣ ውሻውና ልጆቹ የት እንዳሉ ሳታውቁ ደግሞ አንድ ጫማ እንዳትነዱ።

የትሬለሩን ጎን ጥላ ዘርግታችሁ አትተኙ። ባህር ዳር ቀን ጸጥ ያለ ንፋስ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ተነስቶ ጥላውን ከነብረቱ ጣሪያ ላይ ይገለብጠዋል፣ ጎረቤታችን ላይ ሲሆን ድምጹ ቤት የሚፈርስ ነው የሚመስለው። ድንኳን የምትተክሉ ከሆነ ከድንኳኑ ጋር የሚመጣው ትንሽ ካስማ አሸዋ አይዝም፣ ረጃጅም የአሸዋ ካስማ ግዙ፣ ከሌለ ፌስታል ውስጥ አሸዋ ሞልታችሁ ገመዱን እሱ ላይ አስራችሁ ጥልቅ አድርጋችሁ ቅበሩት።

ትልቅ ሰው ስትጋብዙ ስለ ውሻው አለመናገር

እናቴ ከአዲስ አበባ በመጣች ጊዜ ይዘናት ሄድን፣ ቡቺ አብሮን ትሬለር ውስጥ እንደሚያድር ግን አልነገርኳትም፣ ያው ቤት ውስጥ ታየዋለች ብዬ። ቤት ውስጥ ግን የራሷ ክፍል አላት፣ በሩን ትዘጋለች፣ ጠዋት ተነስታ ጸሎቷን ታደርሳለች። ትሬለር ውስጥ የት ይዘጋል? ምንም አላለችኝም፣ እናት ናት፣ ግን እንቅልፍ እንዳልወሰዳት ገባኝ። በማግስቱ እኔና ቡቺ ድንኳን ተክለን ውጪ አደርን፣ እሷም ለጸሎቷ ቦታ አገኘች። ወላጅ ወይም ውሻ የማይነካ ዘመድ ስትወስዱ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ የማደሪያውን ነገር ቤት ጨርሱ።

ትሬለሩ ውስጥ ኤሲ አለ ብሎ ውሻውን ትቶ መሄድ

አሳቲግ ፌደራሉ ካምፕ ላይ ኤሌክትሪክ መሰኪያ የለም። ትሬለሩ ኤሲ ቢኖረውም ያለ ጄነሬተር አይሰራም፣ ጄነሬተር ደግሞ በተፈቀደ ሰዓት ብቻ ነው፣ ከጠፋ የሚያውቅ ሰው የለም። ለአንድ ሰዓት ዋኝተን እንመጣለን ብሎ ውሻ ትሬለር ወይ መኪና ውስጥ መዝጋት ገዳይ ስህተት ነው። ውጪ 80 ፋራናይት ሲሆን የቆመ መኪና ውስጥ በ20 ደቂቃ ወደ 109 ይደርሳል፣ መስኮት ትንሽ ገርበብ ማድረግ ለውጥ አያመጣም። ውሻ እንደኛ በቆዳው አያልበውም፣ በማለክለክ ነው የሚበርደው፣ አየሩ ራሱ ከጋለ ማለክለኩ ምንም አያደርግለትም።

ስለዚህ በየተራ ነው የምንዋኘው። አንድ ሰው ከቡቺ ጋር ጥላ ስር ይቀመጣል፣ ቢቹ ላይ አንድም ዛፍ የለም፣ ጥላውን ራሳችሁ ነው ይዛችሁ የምትሄዱት። ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ከሰዓት አስር ሰዓት ቡቺ ቢች አይወጣም፣ ጠዋት በማለዳና ማታ ነው የሚሮጠው። ካለከለከ በኋላ ምራቁ ወፍራም ከሆነ፣ ድዱ ደም ከመሰለ፣ ከተንገዳገደ ወይም ካስመለሰ ቶሎ ወደ ጥላ፣ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ሰውነቱ ላይ አፍስሱ፣ በማራገቢያም በካርቶንም አራግቡ፣ እያራገባችሁም ወደ ቬት (የእንስሳት ሐኪም)። በጣም የቅርቡ ቬት የት እንደሆነ፣ ቅዳሜና እሁድ ይከፍት እንደሆነ ከቤት ሳትወጡ እዩና ስልኩን ጻፉ፣ እዛ ስትደርሱ ኔትወርኩ ደካማ ነው።

የባህር ውሃ እንዲጠጣ መተው

ውሻ ኳስ ከማዕበል ውስጥ ሲያወጣ በየጊዜው ይጎነጫል። ትንሽ ከሆነ ማታ ተቅማጥ ነው፣ ትሬለር ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ መገመት ትችላላችሁ። ብዙ ከጠጣ ግን ጨው ይመርዘዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ያንገዳግደዋል፣ ሊያንቀጠቅጠውም ይችላል። በየ15 ደቂቃው ጨዋታውን አቁማችሁ ንጹህ ውሃ ስጡት፣ ለሱ ብቻ አንድ ጋሎን ያዙ። ኳስ ይሻላል ከአሻንጉሊት፣ ጨርቅ ነገር አሸዋ ይይዛል፣ አሸዋ እየዋጠ አንጀቱ የሚዘጋበት ውሻ አለ። ለሰውም ያው፣ ሞገዱ ወደ ውስጥ ከጎተታችሁ ከሱ ጋር አትታገሉ፣ ከባህሩ ጠርዝ ጋር ጎን ለጎን ዋኙ፣ ከጉተታው ስትወጡ ወደ ዳር ተመለሱ፣ ውሻ ተወሰደ ብሎ ዘሎ የሚገባ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ውሻው ራሱ ይወጣል፣ ሰውዬው ነው የሚቀረው።

ፍም አሸዋ ውስጥ መቅበር

ቡና ሳይፈላ የሚያልፍ ካምፕ እኛ ቤት የለም። የመጀመሪያው ዓመት ባለቤቴ ማታ ጀበናውን ከሰል ላይ አፈላች፣ አቦል ቶና በረካ ጠጥተን ስንጨርስ እኔ ፍሙን ጉድጓድ ቆፍሬ አሸዋ መለስኩበትና ደህና ተቀብሯል አልኩ። ጠዋት ቡቺ እንደለመደው እዛው ጋር ሮጦ ሄዶ መቆፈር ጀመረ፣ ሁለቴ እንደቆፈረ ጮኸ፣ ሶስት እግሩን ብቻ እየረገጠ መጣ። ጉድጓዱ ላይ እጄን ሳስቀምጥ አስር ሰዓት ያህል ቆይቶ እንኳን አሸዋው ይፋጃል። የፊት መዳፉ ስሩ ተልጦ ሮዝ ሆኖ ነበር፣ እሁድን ሙሉ ተሸክመነው ነው የዞርነው። አሸዋ እሳት አያጠፋም፣ ያቆየዋል፣ ላዩ ደግሞ ምንም ስለማይታይ ባዶ እግሩን የሚሮጥ ልጅም ይረግጠዋል። ፍም በውሃ ነው የሚጠፋው፣ አፍስሱ፣ አማስሉ፣ ደግማችሁ አፍስሱ፣ በእጅ ጀርባ ሞክሩት፣ ከዛ አመዱን ይዛችሁ ሂዱ።

ፀሐይ የመታው አሸዋም ያው ነው፣ የእጃችሁን ጀርባ ለሰባት ሰከንድ ማቆየት ካልቻላችሁ እሱም መርገጥ አይችልም። ሴፕቴምበር ላይ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ደግሞ ከሰሉን ማንደጃ ላይ አድርጎ ትሬለር ወይ ድንኳን ውስጥ ማስገባት ፈጽሞ አይሞከርም። አገር ቤት በከሰል ጭስ ተኝቶ ያልተነሳ ሰው ያልሰማ የለም፣ ትሬለር ደግሞ ከክፍል ያነሰ ነው። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያው ባትሪ እንዳለው ከመተኛታችሁ በፊት ተጭናችሁ ስሙት።

ፈረሶቹን እንደ ቤት ፈረስ ማየት

ፈረሶቹ ቅድመ አያቶቻቸው በ17ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ አካባቢ በዋናው መሬት ያሉ ባለንብረቶች ግብርንና የአጥር ህግን ለመሸሽ እዛ ያሰማሯቸው እንደነበሩ ነው የሚነገረው፣ አሁን ግን የዱር ናቸው፣ ይናከሳሉ ይራገጣሉ። ህጉ ቢያንስ 40 ጫማ ራቁ ይላል፣ አንድ አውቶብስ ርዝመት ማለት ነው። ችግሩ እናንተ ብትርቁም እነሱ ይመጣሉ፣ ካምፑ ውስጥ እየጋጡ ያልፋሉ፣ ኩለር ይከፍታሉ፣ ድንኳን ቀደው ዳቦ ያወጣሉ። ምግብ ሁሉ መኪናው ወይ ትሬለሩ ውስጥ ተቆልፎ ይደር፣ እንጀራ ጠረጴዛ ላይ ትታችሁ ባህር አትሂዱ።

አንድ ማታ ቡቺን ለትንሽ ጊዜ ብዬ በረዥም ገመድ ትሬለሩ ላይ አስሬው ልጆቹን ሳጣጥብ አንዲት ፈረስ ከነውርንጭላዋ በትሬለሩ ጥግ ዞራ መጣች። ቡቺ ጮኾ ዘለለ፣ ገመዱ ረዥም ስለነበር እስከ እግሯ ደረሰ፣ እሷም ጆሮዋን ወደ ኋላ አጣጥፋ ቂጧን አዞረችበት። ፈረስ የሚያውቅ ሰው ያቺ ጆሮ ምን እንደምትል ያውቃል። ባለቤቴ ገመዱን ከዚህ በኩል ስባ ትሬለሩ ውስጥ አስገባችው፣ ከሰከንድ አይበልጥም። አጭር ማሰሪያ ህጉ ስላለ ብቻ አይደለም፣ የፈረስ ምት የውሻ ጎድን ይሰብራል። ውሻን አስሮ ዞር ማለት እዛ ደሴት ላይ አይሆንም፣ ማሰሪያው ሁሌ ሰው እጅ ላይ ነው።

የአሸዋ ክምሮቹም ላይ አትውጡ፣ ሳሩ ነው አሸዋውን የያዘው፣ ወፎችም በታጠረው በኩል መሬት ላይ ነው እንቁላል የሚጥሉት።

ከገበታው ማጉረስ

ይሄ የኛ ሰው ስህተት ነው፣ ፍቅር ስለሆነ ለማቆም ይከብዳል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፣ የበሰለም የደረቀም የተፈጨም ያው ነው። ወጣችን ውስጥ ሽንኩርት የሌለበት የቱ ነው? ቁሌቱ፣ ሽሮው፣ በርበሬው፣ ንጥር ቅቤው ሁሉ። ምልክቱ ደግሞ በማግስቱ ላይመጣ ይችላል፣ ከቀናት በኋላ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፣ ሰው ከቅዳሜው ፍርፍር ጋር አያገናኘውም። የዶሮ ወጥ አጥንት ሲበስል ይሰነጠቅና ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። እንግዶችን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ልጆቹንም፣ ሩህሩህ አክስት እንዳታዝን ደግሞ ለሱ የሚሆን ያለ ጨው የተቀቀለ ስጋ በሳህን ስጧት፣ ከሱ ታጉርሰው።

ትንኝ፣ ዝንብና የመጨረሻው ቀን

ረግረጉ ቅርብ ስለሆነ ትንኙ ከባድ ነው፣ በባሕረ ሰላጤው በኩል ካለው ሳይት የውቅያኖሱ በኩል ይሻላል፣ ንፋሱ ከመሬት ወደ ባህር ሲነፍስ ግን እዛም ይመጣል። ለኛ የምንቀባውን ዲት (የትንኝ ማባረሪያ ኬሚካል) ያለበትን ስፕሬይ ውሻ ላይ አትንፉ፣ ይልሰዋል። ትንኝ የልብ ትል የምታስተላልፈው በንክሻ ነው፣ ስለዚህ ወርሃዊ መድኃኒቱ ከመሄዳችሁ በፊት መወሰዱን እዩ፣ ለመዥገርም ያው።

እሁድ ስትወጡ የቆሻሻ ታንኩን ማስወገጃው ጣቢያ ላይ ነው የምትደፉት፣ የእቃ ማጠቢያውን ውሃ እንኳን አሸዋ ላይ አትልቀቁ። ቤት ስትደርሱ ደክሟችሁም ቢሆን ትሬለሩንና መኪናውን ከስር በንጹህ ውሃ እጠቡ፣ ጨው ፍሬኑንና ሽቦውን በአንድ ክረምት ይበላዋል፣ ከሂቹ ኳስ ላይ አሸዋውን ጠርጋችሁ ቅባት አድርጉ። ቡቺን ደግሞ ሻወር ውስጥ አስገብታችሁ ጨውና አሸዋውን ካጠባችሁ በኋላ በጣት እየዳሰሳችሁ እዩት፣ ጣቶቹ መሀል፣ ጆሮው ውስጥ፣ ብብቱ ስር፣ ጭራው ስር። አምና እኛ እሁድ ማታ አይተን መዥገር የለም ብለን ማክሰኞ ጠዋት የአንገት ማሰሪያው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ተነፍታ አገኘናት፣ አሁን ማሰሪያውን አውልቀን ነው የምናየው።